ከልጆቻችን ጋር የሠራነው የየካቲት ጧፍ

ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝቡን እየመራ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ፥ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ ባደሩበት ስፍራ እንዳቆመ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል። ድንጋዮቹ ለተሻገሩት ሰዎች አያስፈልጓቸውም ነበር፤ እነርሱ ውኃው ሲቆም በዐይናቸው አይተዋልና። የቆሙት ገና ላልተወለዱት ልጆች ነበር። ልጅ ያልለመደውን ነገር ባየ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በጠየቀም ጊዜ አባትና እናት የመመለስ ግዴታ ይወድቅባቸዋል። የመታሰቢያ ሥርዐት መሠረቱ ይህ ይመስለናል፤ ልጁን የሚያስጠይቅ፥ በዐይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ነገር ማዘጋጀት።

እኛም የምንኖረው በወንዝ ዳር ነው። ቤታችን ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ይህች ከተማ ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ናት። የቀድሞው ባቡር መጓዙን ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም፥ አሮጌው ጣቢያ የከተማይቱ ምልክት ሆኖ ቈይቷል፤ ልጆቻችንም በአጠገቡ ኳስ ይጫወታሉ። በዚያ ሐዲድ ላይ ምን እንዳለፈ ግን አያውቁም ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ፥ ከዚያም ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የፋሺስት ጦር ዋና ከተማችንን ያዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ፥ በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም.፥ ያው ጦር ሲሸሽ በአዋሽ ወንዝ ላይ የነበሩትን የባቡርና የመኪና ድልድዮች አፈረሰ፤ ነገር ግን ከደቡብና ከምሥራቅ አፍሪቃ የመጡ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ወንዙን ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃም በዚሁ መሥመር ወደ ጅቡቲ ወርዷል። በኮርያ ጦርነት ከወደቁት ከ120 በላይ ከሚሆኑት ወታደሮቻችን የብዙዎቹ ዐፅም ዛሬ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ይህ ሁሉ በደጃችን አልፎ ሳለ ልጆቻችን ግን ጣቢያውን የሚያውቁት የኳስ መጫወቻ ብቻ አድርገው ነበር። በዐይናቸው ያዩት ሽማግሌዎች እያለቁ ስለ ሆነ፥ እኛ ዝም ካልን ታሪኩን የሚነግራቸው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በየካቲት 12 ቀን ዋዜማ፥ ልጆቻችንን ሰብስበን ለማስተማር ተነሣን። ያን ጊዜ የፈጸምነውን ስሕተት ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ ሌሎች ወላጆች እንዳይደግሙት ይጠቅማል ብለን እናምናለንና። ነገሩን የጀመርነው ከቍጥር ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ በዚያ ሰሞን ያለቁትን ሰዎች 30,000 ብሎ እንዳስታወቀ፥ በቅርብ ዘመን ጉዳዩን የመረመረው የታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምፕቤል ደግሞ 19,000 ያህል ብሎ እንደ ገመተ ነገርናቸው። ከዚያም ስለ ተቃጠሉት ቤቶችና በየመንገዱ ስለ ወደቁት ሰዎች ያነበብነውን ሁሉ አንድ ሳናስቀር ተረክንላቸው።

በዚያች ሌሊት የስድስት ዓመቱ ትንሽ ልጃችን እየጮኸ ነቃ፤ «በእኛም መንገድ ይመጣሉ ወይ?» እያለ እስኪነጋ ድረስ እጃችንን አልለቀቀም። ታላቁ ደግሞ በማግሥቱ ከእንጨት ጠመንጃ ጠርቦ የሰፈሩን ልጆች አሰለፈ፤ ከእነርሱ መካከል አቅም ያነሰውን አንዱን «ጣልያን» ብለው አስረው ደበደቡት። ያስተማርነው ትምህርት በአንዱ ልጅ ፍርሃት፥ በሌላው በቀል ሆኖ በቀለ። የተደበደበውን ሕፃን ይዘን ወደ ወላጆቹ ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ ያደረብንን እፍረት እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት የልጆቹ አያት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲመለከቱ ከቈዩ በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ልጅ በጆሮው ብቻ አይማርም። ከባድ ነገር የምትነግሩት ከሆነ አስቀድማችሁ ለእጁ ሥራ ስጡት። እኔ የእናቴን ኀዘን የሰማሁት እንዝርት ይዤ ነው።» እርሳቸው በየዓመቱ ለቅዱስ ሚካኤል መባ የሚሰጡትን ጧፍ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። የካቲት 12 ቀንም የሰማዕታት መታሰቢያ ከመሆኑ ጋር የቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ በዓል ስለ ሆነ፥ ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ ቈረጥን። በእንግሊዝ አገር ከ1914 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጦርነት የሞቱትን ለማሰብ ቀይ የወረቀት አበባ በደረት ላይ ማድረግ የተለመደ ነው፤ በትምህርት ቤቶቻቸውም ሕፃናቱ አበባውን በገዛ እጃቸው ይሠሩታል። ለእኛ ግን ከጧፍ የቀረበ ነገር የለም። ጧፍ ለሙታን በሚጸለይበት ጊዜ የሚበራ፥ ድኻው ቤትም የማይታጣ የአባቶቻችን መታሰቢያ ነውና።

አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ አንባብያን በቤታቸው እንዲሞክሩት እንገልጸዋለን። የሚያስፈልገው ጥጥ፥ ንጹሕ የንብ ሰም፥ አንድ ድስት፥ አንድ ጣሳና አንድ ለስላሳ ገበታ ብቻ ነው። ጥጥ በእኛ አገር ሩቅ አይደለም፤ ከወንዙ በታች በመልካ ወረርና በአካባቢው ሲመረት የኖረ ነውና። ሰሙ ከገበያ ይገዛል፤ ጠጅ በሚጣልበት ቤት ከሚገኘው ሰፈፍም አቅልጦ በማጥለል ይወጣል። ለዐሥራ ሁለት ቀጫጭን ጧፎች ሩብ ኪሎ ያህል ይበቃል። ጥጡ ከፍሬው ተዳምጦና ተነድፎ ባዘቶ ከሆነ በኋላ ይፈተላል፤ መፍተል የማይችል ቤተ ሰብ የተፈተለውን መግዛት ይችላል። ስድስት ወይም ስምንት ፈትል በአንድ ክንድ ልክ ቈርጦ አንድ ላይ መግመድ የሕፃናቱ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው በተቃራኒ ሲያጠነጥኑት ይሣሣቃሉ፥ እጃቸውም ትዕግሥትን ይለምዳል።

ሰሙን ማቅለጥ ግን የአዋቂ ሰው ሥራ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይቀልጣል፤ በቀጥታ እሳት ላይ ቢጣድ ሊቀጣጠል ስለሚችል፥ በጣሳ አድርጎ የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል። የተገመደው ፈትል በቀለጠው ሰም ውስጥ ተነክሮ ይወጣል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ እንደ ገና ይነከራል። ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ፥ ሰሙ ለእጅ ለብ ሲል ልጆቹ በገበታው ላይ በመዳፋቸው እያንከባለሉ ያስተካክሉታል። እንደ አዋሽ ባለ ቈላ የሚኖሩ ወላጆች አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ሥራውን ማልደው ይፈጽሙ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ረፋዱ ላይ ሠርተን በመስኮት አጠገብ ብናስቀምጣቸው፥ ከቀትር በኋላ ዐሥራ ሁለቱም ጐብጠው አገኘናቸው። ትንሹ ልጅ ሊያለቅስ ሲል አያቱ «እነርሱም ሰገዱ» አሉት፤ ከዚያም ማድጋው ሥር በጥላ አስቀምጠው እንደ ገና አቀኗቸው።

ታሪኩን የምንነግራቸው ሰሙ እስኪቀዘቅዝ በምንጠብቅበት ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ጧፍ አንድ ሰው ወይም አንድ ወገን እንሰጣለን፤ ቍጥሩን ወደ ኋላ ትተን ከሰው እንጀምራለን። የመጀመሪያው ጧፍ የድኆች ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። ያ ስፍራ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በሹማምንቱ ላይ ቦምብ በወረወሩ ጊዜ፥ በግቢው ውስጥ በተከፈተው ተኵስ ከሁሉ አስቀድመው ከወደቁት መካከል ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት ምስኪኖች ይገኙ ነበር፤ ግድያውም በከተማው ሦስት ቀን ቀጠለ። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ የሚጠይቁት «ስንት ሰው ሞተ?» ብለው አይደለም፤ «ምጽዋቱን ሳይቀበሉ ነው የሞቱት?» ብለው ነው።

ሁለተኛው ጧፍ የአቡነ ጴጥሮስ ነው፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ አውግዘው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተረሸኑት አባት። ሦስተኛው በጎሬ የተገደሉት የአቡነ ሚካኤል ነው። አራተኛው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ነው፤ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም.፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን፥ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት ማስረሸኑን አስታውቋል። ሌላው በዳናኔና በኖኩራ እስር ቤቶች በረኃብና በበሽታ ያለቁት እስረኞች ነው። ሌላው እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች ዐርበኞች ነው፤ እርሳቸው ወደ ኢጣሊያ ተግዘው ታስረው ከተመለሱ በኋላ ዳግመኛ ወደ ትግሉ የገቡ ናቸው። ከዚያም በባቡራችን አልፈው ወደ ኮርያ የሄዱት፥ ለእኛ ነጻነት በምድራችን የወደቁት የሌላ አገር ወታደሮች፥ በመጨረሻም ስማቸውን የሚያነሣ ዘመድ የሌላቸው ሁሉ በየተራቸው ይታሰባሉ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለን የጎረቤታችን የአፋሩ ሽማግሌ ወደ ግቢያችን ገቡ። እርሳቸው እስላም ናቸው፤ ጧፍ አያበሩም። ነገር ግን ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ በጠየቁና በሰሙ ጊዜ ከጥላው ሥር ተቀመጡ፤ ጣልያን ድልድዩን ባፈረሰ ቀን የአባታቸው ግመሎች በፍንዳታው ድምፅ ደንብረው ሦስት ቀን እንደ ጠፉ፥ አባታቸውም ፈልገው እስኪያገኟቸው ድረስ ወንዝ ለወንዝ እንደ ተንከራተቱ ተረኩላቸው። ልጆቻችን ከዚያ ወዲህ ድልድዩን ሲያዩ ግመሎቹን ያስባሉ። የአገር መከራ የአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ እኛ በብዙ ቃል ልናስረዳቸው የፈለግነውን ሽማግሌው በግመሎቻቸው ታሪክ አስረዷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመጣለን። ጧፍ መሥራት በጀመርንበት በመጀመሪያው ዓመት ከልጆቻችን ጋር ልትሠራ የመጣች አንዲት የዘጠኝ ዓመት የሰፈር ልጅ ነበረች። አባቷ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በተነሣው የሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም። ጦርነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ሲያበቃ ብዙዎች ወደ ቤታቸው ሲገቡ፥ ወደ እርስዋ ቤት የመጣው መርዶ ብቻ ነበር፤ አስከሬን አልመጣም። ልጅቱ ዐሥራ ሁለተኛው ጧፍ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በእጅዋ የቀረውን ቍራጭ ፈትል እያጠነጠነች፥ «እትዬ፥ ይህን ለአባቴ ልሥራው?» ብላ ጠየቀች።

በእውነት እንናገር፤ ወዲያው አልመለስንላትም። «ይህ ቀን የጣልያን ዘመን ሰማዕታት ቀን ነው» የሚል ቃል ከአፋችን ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። ስለዚያ ስለ ቅርቡ ጦርነት በቤታችን አንነጋገርም ነበርና፤ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፥ ቍስል ይቀሰቅሳል ብለን ዝም ማለትን መርጠን ነበር። ዘጠና ዓመት ሊሞላው ለተቃረበው ኀዘን ቃል የማናጣ ሰዎች፥ በፊታችን ለተቀመጠችው ሕፃን ኀዘን ቃል አጣን። አያቲቱ ግን ጣሳውን ወደ እርስዋ ገፋ አድርገው «ሰሙ ሳይቀዘቅዝ ንከሪው፥ ልጄ» አሏት።

በማግሥቱ ማለዳ ጧፎቹን ይዘን ወደ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በሄድን ጊዜ ነገሩን ለንስሓ አባታችን አዋየናቸው። እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው ላንቀላፉት ሁሉ እንደምትጸልይ፥ በሞቱበት ዘመን እንደማትለያያቸው ነገሩንና፥ ወደ ልጅቱ ጐንበስ ብለው «የአባትሽ የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ አታውቀውም ነበር። ጧፏን ለእኛ ሰጥታ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ብዙ ቈየች። በመጨረሻ የመጣችው ከእናቷ ጋር ነበር። እኒያ እናት መርዶው ከመጣ ወዲህ የባላቸውን ስም በልጃቸው ፊት አንሥተው አያውቁም፤ አስከሬኑን ስላላዩ ልባቸው መሞቱን አልተቀበለም፥ ስለዚህም ተዝካሩን አላወጡም ነበር። በዚያ ማለዳ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው መጡና የክርስትና ስሙን በራሳቸው አፍ ለካህኑ ነገሩ። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፤ የእነርሱ ነውና። ካህኑ በጸሎቱ ስሙን ሲጠሩ እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ልጅቱ ግን አላለቀሰችም፤ ጧፉ እንዳይጠፋ በመዳፏ ነፋሱን እየከለለች ቆመች። ዐሥራ ሦስቱም ጧፎች እስኪያልቁ ድረስ ሁላችንም ከዚያ አልተንቀሳቀስንም።

ከበዓሉ ስንመለስ ያ ጠመንጃ የጠረበው ታላቅ ልጃችን በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ ጠየቀን፤ «የእርስዋን አባት የገደለው ሰው እርሱስ በሕይወት ይኖራል?» እኛም «ምናልባት እርሱም ሞቶ ይሆናል፤ የእርሱም ልጅ መቃብሩን አታውቀው ይሆናል» ብለን መለስንለት። ልጅቱ በአጠገባችን ስትሄድ ሰምታለች፤ ምንም አልተናገረችም። በተከታዩ ዓመት ጧፍ ልንሠራ በተሰበሰብን ጊዜ ግን ሁለት ሠራች። ሁለተኛው ለማን እንደ ሆነ አልጠየቅናትም፤ ካህኑም አልጠየቋትም። አንዱን ከአንዱ አጠገብ አቆመቻቸው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ወላጆች፥ ከዚህ ከትንሹ ሥራችን የተማርነው ይህ ነው። መታሰቢያ ለልጅ ሲሰጥ እንደ ሸክም በጆሮው ላይ ቢጫን ወይ ያስፈራዋል ወይ ያስቈጣዋል። በእጁ ሲሠራው ግን ያዝናል፤ ሐዘኑንም ወደ ጸሎት ያደርሰዋል። ደግሞም የጥንት ሰማዕታትን የምናከብር ቤተ ሰቦች፥ የትናንትናውን ሙት ብናልፈው ክብራችን ጐዶሎ እንደ ሆነ ልጆቻችን ያውቁብናል። አስቀድመን ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ በኋላ ግን ያስተማሩን እነርሱ ናቸው።

የካቲት በመጣ ቍጥር ጥቂት ሰምና ጥቂት ፈትል ገዝታችሁ ልጆቻችሁን ሰብስቡ። ዐሥራ ሁለት ጧፍ ሥሩ፤ ነገር ግን ጥቂት ፈትል አትርፉ። በሰፈራችሁ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ መጥቶ «ይህን ለእኔ ሰው ልሥራው?» ብሎ የሚጠይቅ ይሆናልና፥ በጠየቀ ጊዜ ሰሙ ሳይቀዘቅዝ ፈትሉን ስጡት። የሰማዕታቱን ነፍስ በአብርሃምና በይስሐቅ በያዕቆብም ዕቅፍ ያኑርልን፤ ያለ መቃብር የቀሩትንም ሁሉ ስማቸውን የሚያውቅ አምላክ ያስባቸው። አሜን።